ሥር አጣቢዋና የወንድሟ ሽንኩርት

ጎረቤቴ ሥር አጣቢ ናት። ሥራሽ ምንድን ነው ብሎ የጠየቃት ሰው መልሱን ሲሰማ የምትቀልድበት ይመስለዋል። «የምን ሥር?» ይላታል። «የሽንኩርት፣ የበቆሎ፣ የቲማቲም፣ የመጣውን ሁሉ» ትለዋለች። ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ይቆማል። ሥር ስለ ማጠብ ምን ተብሎ ይወራል?

እኔ ግን ከእሷ ጋር አንድ ግድግዳ ተጋርቼ ስኖር ዘመን አልፎኛል። ወደ ማታ ከሥራ ስትመለስ ደጃፌ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጣ ጫማዋን ታወልቅና፣ እግሯን እያሻሸች የዋለችበትን ትነግረኛለች። ስለ አፈርና ስለ ሥር የማውቀው እሷ የነገረችኝን ብቻ ነው፤ የተሳሳትኩት ቢኖር ጥፋቱ የኔ እንጂ የእሷ አይደለም።

የምትሠራው ከተማው ዳር ባለ የአፈር ምርመራ ቤት ነው። ምሳዋን ረስታ ስትሄድ ላደርስላት ገብቼ አይቼዋለሁ። ክፍሉ ረጅምና ጠባብ ነው። በአንደኛው ጫፍ የሲሚንቶ ገንዳ አለ፤ ቧንቧው ቢዘጉትም ማንጠባጠቡን አይተውም፣ ስለዚህ ጠብታው ከሚያርፍበት ላይ የታጠፈ ጨርቅ አኑራ ድምፁን አጥፍታዋለች። በሌላኛው ጫፍ፣ መስኮቱ ሥር፣ ማይክሮስኮፑ ተቀምጧል። ከአሮጌ ሹራብ በተረፈ ክር ልብስ ሠርታ አልብሳዋለች፤ ከሩቅ ሲያዩት ብርድ የመታው ሕፃን ይመስላል። በርጩማዋ አንድ እግሩ ስለሚያጥር ካርቶን አጥፋ አስደግፋዋለች። ክፍሉ በሙሉ አቼቶ አቼቶ ይሸታል።

ሥሩ ከነአፈሩ በላስቲክ ታስሮ ይመጣላታል። በባልዲ ውሃ ዘፍዝፋ ታሳድረዋለች። በማግስቱ አንዱ ባንዱ ላይ በተደራረቡ ወንፊቶች ላይ ቀስ አድርጋ ታንቆረቁረዋለች። የላይኛው ወንፊት ዓይኑ ሰፊ ነው፤ የታችኛው ግን ዱቄት እንኳ በግድ ነው የሚያሳልፈው። ማሸት የለም፣ መጭመቅ የለም። ፀጉር የሚያህሉትን ሥሮች በወረንጦ እየለቀመች ታወጣለች። ከዚያ በሚያነጣ ፈሳሽ ታፈላቸውና ብርሃን የሚያሳልፉ ይሆናሉ። በመጨረሻ የብዕር ቀለምና አቼቶ ውስጥ ትነክራቸዋለች። ስታጥበው ሥሩ ቀለሙን ይለቃል፤ ሥሩ ውስጥ የሚኖረው ፈንገስ ግን አይለቅም።

ፈንገስ ስል እግር ጣት መሐል የሚወጣውን አይደለም። «ይሄኛው ወዳጅ ነው» ትላለች። ዓይን የማያየው ቀጭን ክር ሆኖ ሥሩ ውስጥ ይኖራል፣ ጫፉን ደግሞ ሥሩ ራሱ ሊደርስበት ወደማይችለው አፈር ይልካል። ከዚያ ውሃና ፎስፈረስ የሚባለውን ምግብ እየጎተተ ለተክሉ ያቀብላል። ተክሉም በፋንታው ከቅጠሉ የሠራውን ስኳር ያካፍለዋል። አንድ ቀን ማይክሮስኮፑን ልታሳየኝ በርጩማው ላይ አስቀመጠችኝ። መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ነበር። ኋላ ሲስተካከልልኝ ግን ሰማያዊ ክሮች፣ እዚህም እዚያም ፊኛ የመሰሉ ኳሶች፣ በመሐላቸውም ቅርንጫፉ የበዛ ትንሽዬ ዛፍ አየሁ። አንዲት የሽንኩርት ሥር ውስጥ ይህ ሁሉ እንዳለ ሳላውቅ ስንት ሽንኩርት ልጬ ጥያለሁ።

ጎመን ከዚህ ፈንገስ ጋር አይወዳጅም። «ጎመን ኩሩ ነው፣ ብቻውን ነው የሚበላው» ትላለች። የሽንኩርት ሥር ግን ጥቂትና ወፍራም ስለሆነ ያለ ክሮቹ ርቆ አይሄድም።

ቀለሙ ከጣቶቿ ስለማይለቅ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ «ቀለሜ» ይላታል፣ በትምህርቱ ጎበዝ የሆነ ተማሪ እንደሚባለው። እሷ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈችም። «ቀለሜ፣ ዛሬስ ስንተኛ ወጣሽ?» ይላታል በወጣች ቁጥር። «ዛሬም መጨረሻ» ትለዋለች። ቀልዱ አርጅቷል፤ ቢሆንም ሳይባባሉ አይተላለፉም።

ታላቅ ወንድሟን ሰፈሩ ባለሽንኩርቱ ይላቸዋል። እናትና አባታቸው ቀድመው ስለሞቱ እሷን አብልተው፣ አልብሰው፣ ለወግ ለማዕረግ ያበቋት እሳቸው ናቸው። ወንዙ ዳር ባለቻቸው ቁራሽ መሬት ከባለቤታቸው ጋር ሽንኩርት እያመረቱ ኖሩ። ባለቤታቸው ችግኝ ያፈሉ የነበረው ከማሳው በላይ በኩል፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር ነበር፤ እዚያ ጥላም አለ፣ ጎርፍም አይደርስም። እኚያ ሴት ካረፉ በኋላ እሳቸው ብቻቸውን ቀጠሉ። ልጃቸው ፎቅ ላይ ካለው ቤቷ ወስዳ ልታስቀምጣቸው ብትለምን ብትለምን እምቢ አሏት። «ፎቅ ላይ ምን እሠራለሁ? አፈር የምረግጥበት ያጣሁ ቀን ተሸክመሽ ትወስጂኛለሽ» አሏት።

እሑድ እሑድ እህታቸው ዘንድ ምሳ ይበላሉ፣ እኔንም ትጠራኛለች። ወሬው ዞሮ ዞሮ ወደ ሥር መሄዱ አይቀርም።

«እና እኔ ዕድሜ ልኬን ሽንኩርት ያሳደግኩት በሻጋታ ነው በይኛ!» አሏት አንድ ቀን።

«ሻጋታ አይደለም ጋሼ፣ ፈንገስ ነው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ሻጋታ ይበላብሃል። ይሄ ያበላሃል።»

ወደኔ ዞሩና «እንዲህ ያለ ዘመድ ቢኖረኝ ምን ነበረበት» አሉ። ከዚያ ጉርሻቸውን እያላመጡ ጠየቋት፤ «መሬቱ ላይ ከሌለስ? ከናካቴው ከሌለ ከየት ይመጣል?»

«ካለበት መሬት ትንሽ አፈር ታመጣና ከችግኙ ሥር ታደርጋለህ። እንደ እርሾ ነው፣ ከዚያ ራሱ ይበዛል» አለቻቸው።

ይህን ብላ ሳህኖቹን ልታነሳ ብድግ አለች። እሳቸው ግን ቃሉን ይዘውት ቀሩ።

ከወንዙ በላይ ያረጁ የመኪና ባትሪዎችን እየሰበረ እርሳስ የሚባለውን ብረት የሚያቀልጥ ፋብሪካ ከተከፈተ ቆይቶ ነበር። ከጓሮው የተከመረው ጥቁር ስባሪ እንደ ጠርሙስ ያብለጨልጭ ነበር። ዝናብ ሲበረታ ወንዙ እየሞላ ዝቃጩን በማሳዎቹ ላይ ያለብሰዋል። ሽንኩርቱ ባንድ ጊዜ አልሞተም፤ ከዓመት ዓመት ራሱ እያነሰ፣ ቅጠሉ ከጫፉ እየነደደ ሄደ። ባለሽንኩርቱ መጀመሪያ ዘሩን ጠረጠሩ፣ ቀጥሎ ዘር ሻጩን። በመጨረሻ የራሳቸውን እጅ ጠረጠሩ። «ሽንኩርት የሽማግሌ እጅ አይወድም መሰለኝ» ብለው መዳፋቸውን ገልብጠው ሲያዩት ትዝ ይለኛል።

እህታቸው ጥቂት ነቅላ ወስዳ አጠበች፣ ቀለም ነከረች። ሥሩ ባዶ ነበር። አንድ ሰማያዊ ክር አልነበረውም። የክፍሉ ኃላፊ የሆነው ዶክተር አፈሩን መረመረና እርሳስም፣ ካድሚየም የሚባል ሌላ መርዛማ ብረትም ከልክ በላይ አገኘ። ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ሲያስረዳ ሰው ያከብራል። የነገራትን እንዳለ ነገረችኝ። ብረቱ ትንሽ ሲሆን ፈንገሱ በክሩ ውስጥ እየያዘ ያስቀረዋል፣ ለተክሉ እንደ አጥር ይሆናል። ሲበዛ ግን አይችለውም፤ የፈንገሱ ዘር አፈር ውስጥ እንዳለ ሳይበቅል ይቀራል፣ የበቀለውም ክሩ ያጥራል። «መጀመሪያ የሚሄዱት እነሱ ናቸው። ተክሉ በኋላ ነው የሚራበው» አላት። ደግሞም ብረት እንደ ቅጠል አይበሰብስም፣ እንደ ውሃ አይተንም። ከገባበት አፈር በቀላሉ አይወጣም።

ነገሩ ለባለሥልጣን ደረሰ፣ ፋብሪካው ተዘጋ፣ የወንዙ ዳር ማሳዎችም ታጠሩ። ማዘጋጃ ቤቱ ለገበሬዎቹ ከላይ ተዳፋቱ ላይ ምትክ መሬት ሲሰጥ አንድ ነገር አስጠነቀቀ፤ ከወንዙ ዳር አፈርም ሆነ ፍግ ወደ ላይ ይዞ የወጣ መሬቱን ይነጠቃል፣ ሌላም አይሰጠውም። ምርቱ ሲሰበሰብ የምርመራ ቤቱ ሰዎች መጥተው አፈሩን ያዩታል። ሁሉም እሺ አሉ። ባለሽንኩርቱም እሺ አሉ።

አዲሱ መሬት ቤት ይሠራበታል ተብሎ በዶዘር የተደለደለ፣ ኋላ ግን ሳይሠራበት የቀረ ነው። የላይኛው ጥሩ አፈር ተገፍቶ ሄዷል። የቀረው ቀይ ነው፣ አካፋ ሲመታው ይጮኻል። ሥር አጣቢዋ አንድ እፍኝ ዘግና አየችውና «እዚህም ፈንገሱ የሚኖር አይመስለኝም» አለች በለሆሳስ። ምን ይሻላል ብላ ዶክተሩን ልትጠይቀው አሰበች፤ ግን የዚያን ሰሞን ጉልበቷን እያመማት፣ ገንዳው ጋ ቆማ ውላ ስትመጣ አጎንብሳ ጫማዋን መፍታት እያቃታት ነበር። ዛሬ ነገ ስትል ወንድሟ ተከሉ።

ተክለው በመጡ ጊዜ ፊታቸው በርቶ ነበር። «ዘንድሮ ታያላችሁ» አሉን። ምንድን ነው ብንላቸው «ዝም ብላችሁ ጠብቁ» ብለው ሻያቸውን በትልቁ ፉት አሉ።

ችግኙ ያዘ፣ ቀና አለ፣ ከዚያ ቆመ። ቅጠሉ ከጫፉ መንደድ ጀመረ። ሥር አጣቢዋ ይህን ስታይ ምንም አልጠረጠረችም፤ ቀዩ አፈር ስለራበው መሰላት። ክሮቹ ከየትም ብለው መጥተው እንደሆነ ልይ ብላ አንድ ችግኝ ከነአፈሩ አንስታ ወሰደች፣ እንደ ልማዷ ዘፈዘፈች፣ በማግስቱ በወንፊቱ ላይ አንቆረቆረች።

ከታችኛው ወንፊት ላይ ጥቁር ፍርፋሪ ቀረ።

አሸዋ መስሏት በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችው። አሸዋ አይደለም። ወደ መስኮቱ ይዛው ስትሄድ ስባሪው አብለጨለጨ። የወንዙን ዳር ሥር ስታጥብ ወንፊቷ ላይ ሲቀር የኖረው እሱው ነው። ምናልባት ወንፊቱ ሳይጠራ ቀርቶ ይሆናል ብላ አጥባ፣ አድርቃ፣ የቀረውን አፈር እንደገና አንቆረቆረች። ደግሞ ቀረ። በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች፤ ማይክሮስኮፑን ልብሱን እንኳ አላወለቀችለትም።

ስትወጣ ዘበኛው «ቀለሜ፣ ዛሬስ?» አላት። ሳትመልስለት አለፈች። ኋላ እኔን «ምን ሆና ነው?» ብሎ የጠየቀኝ ለዚህ ነው።

ደጃፌ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነገረችኝ። ጫማዋን አላወለቀችም።

«እትዬ፣ ጋሼ ከታች አፈር አምጥቷል።»

«ምን ሲሉ?»

«እኔ ነኛ። እንደ እርሾ ነው አልኩት።»

ነገሩ ግልጽ ነበር። ዝም ብትል ሽንኩርቱ ይደርሳል፣ የልጃቸው ልጆች ይበሉታል። ብትናገር እሳቸውን ይሰብራቸዋል። ዶክተሩ ካገኘው ደግሞ መሬቱ ይወሰዳል፣ ከዚያ ወዲያ ለእሳቸው የቀረው ፎቅ ላይ ያለች ክፍል ብቻ ናት።

«ዛሬ ደክሞሻል፣ ነገ ትነግሪያቸዋለሽ» አልኳት።

«ነገም ይደክመኛል» አለችና ተነሣች። እኔም ነጠላዬን ጣል አድርጌ ተከተልኳት።

ባለሽንኩርቱ ውሃ እያጠጡ ነበር። ሲያዩን ማጠጫውን ሳያስቀምጡ «ምነው ሁለት ሆናችሁ? ልትድሩኝ ነው?» አሉ።

«ጋሼ፣ አፈር ከታች አምጥተሃል?»

ፈገግ አሉ። ያ ፈገግታ ነው እስካሁን የሚያሳዝነኝ። «አወቅሽብኝ? ሥሩ ነገረሽ? መጣ አይደል ያ ሻጋታሽ!»

«አልመጣም።»

«ይመጣል። ከየትም ዘግኜ እንዳይመስልሽ። ከዛፉ ሥር ነው፣ እሷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ችግኝ ታፈላበት ከነበረው። እዚያ ጎርፍ ደርሶ አያውቅም። እዚያ ያልወፈረ ሽንኩርት የት ይወፍራል?»

«እንዴት አሳለፍከው?»

«በአጥሩ ክፍተት ሾልኬ ዘገንኩ፣ ከዚያ በችግኝ ሣጥን ነዋ። ከሥር አፈር፣ ከላይ ልጄ ካለችበት ፎቅ ግቢ ያፈላሁት ችግኝ። የአዲሱ መሬት በር ጠባቂ ‹አባባ፣ ችግኝዎ ከባድ ነው› ይለኛል። ‹ዘንድሮ ጠግቦ ነው ያደረው› እለዋለሁ።»

አልሳቀችም። ከመሐረቧ ውስጥ ያን ጥቁር ፍርፋሪ አውጥታ መዳፋቸው ላይ አደረገችው። ባለሽንኩርቱ በአውራ ጣታቸው አሹት።

«ጎርፉ አልደረሰም ጋሼ። ነፋሱ ደርሷል። ከፋብሪካው ጓሮ የተከመረው ስባሪ ብናኙ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ዛፉ ላይ ሲያርፍ፣ ዝናብ ሲመጣ ወደ ሥሩ ሲታጠብ ነው የኖረው።»

ማጠጫው እጃቸው ላይ ዘንበል ብሎ ውሃው ጫማቸው ላይ ይፈስ ጀመር። እሳቸው አላስተዋሉም፤ እኔ ነኝ የተቀበልኳቸው።

«እና ለምን እርሾ ነው አልሽኝ?» አሉ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ።

«ስላልጨረስኩልህ ነው። ከንጹህ መሬት ማለት ነበረብኝ። ሳህን ላነሳ ተነሣሁ።»

መደቡ ዳር ተቀመጡ። «ይውሰዱት» አሉ። «እኔ ከእንግዲህ የምጀምርበት ጉልበት የለኝም እታለም። ፎቁ ላይ ወጥቼ ልቀመጥ። መስኮት አለው ብላለች ልጄ።»

እህታቸውም አጠገባቸው ተቀመጠች፣ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ። «በመደቡ ላይ በትነኸዋል ወይስ በየጉድጓዱ ነው ያደረግከው?»

«በየጉድጓዱ። አንዳንድ እፍኝ።»

«እንግዲያው ይወጣል።»

«በምን?»

«በማንኪያ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። «ተዪኝ እስቲ!» አሉ። በማግስቱ ግን ልጃቸው ጋ ሄደው ትልቁን የወጥ ማውጫ ለምነው መጡ።

ሥር አጣቢዋ ከዚያ በፊት ያደረገችው ነገር አለ። ጠዋት እንደገባች ዶክተሩ ዘንድ ሄዳ ሁሉንም ነገረችው። ማንም አልጠየቃትም ነበር።

«እትዬ፣ ለምን ይነግሩኛል?» አላት መነጽሩን አውልቆ።

«ያን ጥቁር ነገር አጥቤ ደብቄ፣ እርስዎን እዚህ ወንበር ላይ እያየሁ መዋል አልችልም።»

ዶክተሩ መነጽሩን ሲወለውል ቆየ። «እኔ የማየው በምርመራው ቀን ያለውን አፈር ነው። ያን ቀን ካለ አለ እላለሁ፣ ለእርስዎ ብዬ አልተውም። እስከዚያ ግን ጊዜ አለ» አላት። ከዚያ እንዴት እንደሚወጣ አስረዳት። ተክሉ ከነአፈሩ፣ ከዳርም ትንሽ ተጨምሮ፣ ሳይራገፍ ላስቲክ ላይ ይነሣ። አፍንጫ ይሸፈን፣ እጅ ይታጠብ። ዝናብ ሳይመጣ ይለቅ፣ አፈሩም ወደ ወጣበት ወደታጠረው ይመለስ እንጂ ሌላ ቦታ አይደፋ። አፈሩ ወደ ታች ሲሄድ የአጥሩን በር የሚያስከፍትላቸውም እሱ ሆነ።

አራት ነበርን፤ እሷ፣ ወንድሟ፣ የወንድሟ ልጅና እኔ። አፍንጫችንን አስረን ጉልበታችን ሥር የታጠፈ ከረጢት አድርገን ተንበረከክን። እኔ ያነሱትን ተቀብዬ ላስቲኩ ላይ አኖራለሁ። ቀዩ አፈር ደርቆ እንደ ሸክላ ነው፤ ባለሽንኩርቱ ያደረጉት እፍኝ ግን በመሐሉ ጥቁርና ለስላሳ ሆኖ ስለሚታይ አያሳስትም። በየጉድጓዱ አንዳንድ ጥቁር እንቁላል የተቀበረ ይመስላል። ማሳው ከላይ ሲያዩት ትንሽ ነበር። በማንኪያ ሲሄዱበት ግን ዳርቻ የለውም።

«ስተክለው አንድ እፍኝ ነበር፣ ስነቅለው እንዴት ሁለት ሆነ?» አሉ ባለሽንኩርቱ።

«እጅህ ትልቅ ነው» አለቻቸው።

«ያኔ ንገሪኝ እንጂ! ባንቺ እጅ አስደርገው ነበር።»

ልጃቸው «አባዬ፣ በቃ፣ እረፍ» ትላለች። «እረፍት ፎቅ ላይ ነው» ይሏታል። ሥር አጣቢዋ እያንዳንዱን ተክል ስታነሣ ሥሩን ገልጣ ታያለች፣ በዓይን የሚታይ ነገር እንደሌለው እያወቀች። ጣቶቿ ሰማያዊ ነበሩ፣ በላዩ ላይ ቀይ አፈር ተለጠፈበት። ዳቦና ሻይ ይዤ ነበር፤ ታጥበን ስንቀመጥ ዳቦውን የነካው ሰው አልነበረም፣ ሻዩን ግን ፔርሙሱን ገልብጠን ጠጣነው። ደመናው ሲከብድ ተነሣን፣ በማግስቱ ተመለስን፣ በሌላውም ቀን። ወገቤ ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው ቀና አላለም።

አፈሩን በእጅ ጋሪ ስናወርድ የበሩ ጠባቂ «አባባ፣ ዛሬ ደግሞ ምንድን ነው የጫኑት?» አላቸው።

«የሰረቅኩትን እየመለስኩ ነው።»

ሰውየው ከልቡ ሳቀ። ባለሽንኩርቱም አብረውት ለመሳቅ ሞክረው ነበር።

ከታች፣ ከታጠረው ግቢ፣ ከዛፉ ሥር ደፋነው። ባለሽንኩርቱ ጎንበስ ብለው ክምሩን በመዳፋቸው ያስተካክሉት ጀመር፣ ሰው ዘር ከዘራ በኋላ እንደሚያለሰልሰው አድርገው። ከዚያ ትዝ ሲላቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። እህታቸው ውሃ አፈሰሰችላቸው፣ ታጠቡ፣ ወጣን።

የአዲሱ ማሳ አጥር ጥግ ዶዘሩ ያልደረሰበት ሣር አለ። ሥር አጣቢዋ የዚያን ሣር ሥር ወስዳ አጥባ ስታይ ሰማያዊ ክር ሞልቶታል። ለዶክተሩ አሳየችው፤ አፈሩን መርምሮ ንጹህ ነው አላት። ባዶዎቹ ጉድጓዶች ውስጥ ከዚያ አፈር አንዳንድ እፍኝ ተደረገ። በዚህ ጊዜ በእሷ እጅ። ከልጃቸው ፎቅ ግቢ ካፈሉት የተረፈ ቀጫጭን ችግኝ ነበር፣ ጊዜው ቢያልፍም እሱን ተከሉ።

የምርመራው ቀን ዶክተሩ ራሱ መጥቶ ከየመደቡ አፈር ወሰደ። ውጤቱን ይዞ እንደገና ሲመጣ ባለሽንኩርቱ ቆመው መስማት አልቻሉም፣ መደቡ ዳር ተቀመጡ። ከታችኛው ጥግ ባለችው መደብ ላይ ጥቂት ብረት ቀርቷል፤ እዚያ ላይ ሣር እንጂ የሚበላ ነገር አይተከልም። ሌላው ግን ለእርሻ ይበቃል አለ። መሬቱ አልተወሰደም።

«ደስ አላለህም?» አለቻቸው እህታቸው፣ ዶክተሩ ከሄደ በኋላ።

«ደስ ብሎኛል፣ ግን ደክሞኛል። ደስታዬም ትንሽ ይተኛ» አሉ።

ሽንኩርቱ የአውራ ጣት ራስ አክሎ ቀረ። ለገበያ አይሆንም፤ ልጃቸው ለቤቷ ወሰደችው፣ ሳትፈራ። ሲነቀል ባለሽንኩርቱ አንዱን ከነሥሩ ከነአፈሩ በላስቲክ አስረው፣ እንደ ሌላው ገበሬ ራሳቸው ወደ ምርመራ ቤቱ ይዘው ሄዱ። እኔም አብሬያቸው ሄድኩ። ዘበኛው «ለቀለሜ ነው?» ብሎ አሳለፈን። እሷ ተቀበለችን፣ በባልዲ ዘፈዘፈችው፣ ነገ ኑ አለችን። በማግስቱ ስንመጣ ውሃውን በወንፊቶቹ ላይ ቀስ አድርጋ አንቆረቆረች። የታችኛውን ወንፊት አንስታ ወደ መስኮቱ ወሰደችው፣ አዘንብላ አየችው፣ ለወንድሟ ሰጠቻቸው።

ባለሽንኩርቱ ወንፊቱን ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው አገላበጡት። ቀይ ደቃቅ አሸዋ ብቻ ነበር።

«የለም» አሉ።

«የለም።»

ሥሩ ቀለም እስኪነከር በርጩማዋ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ፣ አልፎ አልፎም አንገታቸው ዘንበል ይል ነበር። ስትጨርስ የማይክሮስኮፑን ልብስ አውልቃ ብዙ አየች። ሥሩ ያለበትን ትንሽ ሳህን እያንቀሳቀሰች፣ ከዳር እስከ ዳር።

«መጣ?» አሏት።

«ገና ነው ጋሼ። ምንም አይታየኝም።»

«ሣሩ ላይ ነበር አላልሽም?»

«ነበር። ቶሎ ላይይዝ ይችላል። በሚቀጥለው እናየዋለን።»

ባለሽንኩርቱ ወንፊቱን ጭናቸው ላይ እንዳስቀመጡት ነበር። በጣታቸው ጫፍ ቀዩን አሸዋ ሰበሰቡት፣ ገንዳው ውስጥ አራገፉት።

«እንግዲህ ሲመጣ ይምጣ» አሉ። «ሻይ አለሽ?»

ፔርሙሱን አነሣች። የገንዳው ቧንቧ ጠብታ ጨርቁ ላይ ያለ ድምፅ ታርፍ ነበር። ሦስታችንም ከአንድ ብርጭቆ እየተቀባበልን ጠጣን።